የነገራ ስንቅ

ልጁን የወሰዱት ማክሰኞ ነው፤ ስንቁ የመጣው ቅዳሜ። ሸዋርካብሽ በሯ ላይ ቆማ፣ የነገራ አባት የፍየል ቆዳ ስልቻቸውን ከትከሻቸው ሲያወርዱ ስታይ መቃኑን ያዘች። ሰውዬው ከያዮ ድረስ በእግራቸው መጥተዋል። ጭቃውን ከእግራቸው በእንጨት ፋቁና እንደ ወትሮው ስልቻውን በሁለት እጃቸው አቀበሏት።

«ነገራ ደህና ነው?» አሉ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ብትነግራቸው ኖሮ ሁለቱም አልቅሰው ይወጣላቸው ነበር። እሷ ግን «ደህና ነው፤ ተማሪዎቹን ለሥልጠና ብለው ወሰዷቸው፣ ይመለሳል» አለች። ከአፏ ሲወጣ እንደ ሌላ ሰው ሆና ሰማችው። ከዚያ ወዲያ ውሸቱን የምትመልስበት አፍ አጣች፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አብራው ኖረች።

ሸዋርካብሽን መቱ ውስጥ የማያውቃት ጥቂት ነው። ጎሬ ተወልዳ አደገች፤ ወልደ የሱስ የሚባል የመንገድ ሥራ ሾፌር አግብታ ወደ መቱ ወረደች። እግዜር ልጅ አልሰጣትም። እህትም ወንድምም የላትም፤ ይህን ያዙልኝ። ባሏ ሲሞት ሁለት ቤት ትቶላት ነበር። አንዱን በስልሳ ሰባቱ አዋጅ «ትርፍ ቤት» ብለው ወሰዱባት፤ የቀራት ባለ ሦስት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። ቀን ቀን ቡና መጋዘን ከሌሎች ሴቶች ጋር ተደርድራ ቡና ትለቅማለች፤ ብላሹን ከደህናው ስትለይ ትውላለች። ምላሷ አያርፍም። ሳይጠይቋት ትሰጣለች፣ ሳይነኳትም ትሳደባለች፤ ሰፈሩ ለሁለቱም ለምዷታል።

በዚያ ዘመን ቤት ማከራየት ክልክል ነው። ታዲያ ከያዮ፣ ከሁሩሙ፣ ከየጫካው ለሁለተኛ ደረጃ ወደ መቱ የሚመጣው ልጅ የት ይደር? አዋጁን የጻፉት ሰዎች ይህን አላሰቡትም፤ ቢያስቡትም እነሱ ጭቃ ውስጥ አያድሩም። መቱ ግን መላ አላጣችም። ልጁ «የእህቴ ልጅ» ተብሎ ቀበሌ ይመዘገባል፣ አለቀ። ከተማው በእህት ልጅ ተጥለቀለቀ። ዘመድ ደግሞ ኪራይ አይከፍልም። ወላጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ያመጣል፤ ባለቤቲቱ ከላዩ አንድ ጣሳ ዱቄት ለቤቷ ትቀንሳለች፤ የቀረው የልጁ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሸዋንግዛው ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቃል። «እትዬ ሸዋርካብሽ፣ እህቶችዎ መውለድ አያቆሙም እንዴ?» ይልና እየሳቀ ይመዘግባል። ለሳቁ አንድ ቅል ማር ይበቃዋል።

ሸዋርካብሽ ሁለት የእህት ልጆች ነበሯት። አንደኛው ነገራ ባጫ ነው፣ የያዮው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራኝ፤ ሲያጠና ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ በሂሳብ ጎበዝ ነው፤ ጥያቄ ሲከብደው ግራ እጁን ግንባሩ ላይ ይመታል። አባቱን ባጫን ሰው ሁሉ በልጃቸው ስም «አባ ነገራ» ይላቸዋል። ሁለተኛው ደርበው ነው፣ የሁሩሙ። አጠር ያለ፣ ዝምተኛ። አባቱን አያውቅም፤ እናቱ እሱ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ሞታበታለች። የሁሩሙ ጎረቤት የሚያዋጣለት ስልቻ አንድ ሳምንት ግማሽ ሆና ትመጣለች፣ ሁለት ሳምንት ጨርሳ ትቀራለች፤ በጣሳው ፋንታ ለሸዋርካብሽ እንጨት ይፈልጥላታል። ነገራ ከራሱ ስንቅ ያካፍለዋል። ደርበው የነገራን አማርኛ ያርማል፣ ነገራ የደርበውን ኦሮምኛ ያርማል፤ ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ላይ ተደፍተው ያመሻሉ።

በሰባ ዓ.ም. የካቲት፣ ማክሰኞ፣ ልጆቹ ለምሳ ቤት በገቡበት ሰዓት ሸዋንግዛው ከሦስት ታጣቂዎች ጋር መጣ። ካፊያ ነበር። ያን ቀን አልሳቀም። ወረቀት አውጥቶ የሁለቱንም ስም አነበበ።

«ምን አጠፉ?» አለች።

«እሱን የሚያጣሩት ሌሎች ናቸው። ዘመድ ያለው ዘመዱ ዋስ ሆኖ ይፈርምለትና ይቆያል። የሌለው ከኛ ጋር ይሄዳል።»

«ለሁለቱም እፈርማለሁ።»

«አንድ ሰው ለአንድ ሰው ነው፣ እትዬ። መመሪያው እንደዚህ ነው።»

ሸዋርካብሽ ልጆቹን አየቻቸው። ልቧ እንዲህ ብሎ አሰላ፤ ነገራ አባት አለው። አባቱ ቅዳሜ ይመጣል፣ ይፈርምለታል፣ ልጁ ይወጣል። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፤ ሦስት ቀን መታሰር አይገድልም። ደርበው ግን ማን አለው? ዛሬ ካልፈረመችለት ቅዳሜም፣ የከርሞ ቅዳሜም የሚፈርምለት የለም።

በስንቅ የሚኖር ቤት የሚያስበው በቅዳሜ ነው። ልጅ ታሞ ከሆነ ለቅዳሜ ይቆያል፤ ሱሪ ተቀዶ ከሆነ ለቅዳሜ ይቆያል፤ መምህሩ ወላጅ አምጣ ካለ ቅዳሜ ይመጣል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አንድም ነገር ቅዳሜን ሳይጠብቅ ቀርቶ አያውቅም ነበር። እስር ቤቱም የሚጠብቅ መሰላት።

«ደርበው የእህቴ ልጅ ነው» አለችና ፈረመች።

ነገራ አንድ ጊዜ አያት። የያዘውን መጽሐፍ ዘግቶ አልጋው ላይ አኖረና ወጣ። ሐሙስ ጠዋት እስረኞቹን የጫነው መኪና በበደሌ መንገድ ወጣ፤ ከበደሌ ወዲያ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ማልቀስ ክልክል ነበር። ሰፈር ውስጥ ጮኻ ያለቀሰችን አንዲት እናት ሁለት ቀን አስረው ነው የለቀቋት። ሸዋርካብሽ ቡና መጋዘን ቁጭ ብላ ቡናዋን ለቀመች፤ እንባዋ ሲመጣ አቧራ ገባኝ አለች።

እንግዲህ ቅዳሜ አባ ነገራ ስልቻውን ይዘው የደረሱት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ሰውዬው ከሄዱ በኋላ ስልቻውን ፈታችው። የበቆሎ ዱቄት፣ ጎደሬ፣ በቅል ማር። ለደርበው ሠርታ አቀረበችለት። ደርበው እጁን አልዘረጋም።

«እትዬ፣ ይሄ የነገራ ነው።»

«ነገራ ሲመጣ ይተካለታል። ብላ።»

«ለምን አልነገሯቸውም?»

ቱግ አለች። «ልንገራቸውና ምን ላድርግ? ስልቻው በዚያው ይቀራል። አንተ ሁሩሙ ተመልሰህ የሰው በቆሎ ላይ ጦጣ ስታባርር ትኖራለህ። አንዱ ልጅ ሄደ፣ አንተንም ልሸኝህ? ብላ ብያለሁ!»

በላ። ሲውጥ እያየችው ዕንባው በሳህኑ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ከዚያች ምሳ ጀምሮ ሸዋርካብሽ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለምነው፤ ደርበው አሥራ ሁለተኛን እስኪጨርስ ድረስ ባጫ እንዳይጠይቋት። ማታለሏን አላጣችውም። የአንድን ሰው ልፋት ለሌላ ሰው ልጅ እያበላች መሆኗን ታውቃለች። ግን እውነቱ ሲነገር የሚራበው ደርበው ነው፤ እና እያንዳንዱን ቅዳሜ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሳለፈችው።

ሬዲዮው ደግሞ በዚያው ሰሞን ይለፈልፋል። ዩኒቨርሲቲ ለሰፊው ሕዝብ ልጅ ነጻ ነው፤ መኝታው ነጻ፣ ዳቦው ነጻ፣ መጽሐፉ ነጻ። አልዋሸም፣ ነጻ ነው። ግን ነጻነቱ የሚጀምረው ከግቢው በር ወዲያ ነው። እስከ በሩ ድረስ ያለውን አራት ዓመት ማነው የሚከፍለው? ስልቻ ተሸክሞ ጭቃ ለጭቃ የሚመጣው ሰው ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውስ ቢሆን የማን ነው? የነባጫ ቡና መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ተገዝቶ፣ ሸዋርካብሽ ለቅማው፣ ባሕር ተሻግሮ ተሸጦ ነው ያ ዳቦ የሚጋገረው። ባጫ ሁለት ጊዜ ከፈሉ። ልጃቸው አንድ ጊዜ እንኳ በዚያ በር አልገባም። ፍትሕ ነው የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። በሚቀጥለውም። ሸዋርካብሽ ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ «አባ ነገራ» ማለት አልቻለችም፤ ምላሷ ስሙ ላይ ሲደርስ ይተሳሰራል፤ «ጋሼ ባጫ» ትላቸው ጀመር። እሳቸው ለምን አላሉም። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ደግሞ «ነገራ ደህና ነው?» ማለታቸውን ተዉ። መጀመሪያ ደስ አላት፣ እፎይ አለች። ቀስ በቀስ ግን አለመጠየቃቸው ያስፈራት ጀመር። የትኛው አባት ነው ልጁን ወር ሙሉ ሳያይ የማይጠይቅ?

ገብተው የነገራ አልጋ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ደርበው የሳቸውን ድምፅ ሲሰማ በጓሮ በር ይወጣል። ባጫ ባዶውን አልጋ አተኩረው ያያሉ፤ አንዳንዴ የተነጠፈበትን ቆዳ በእጃቸው ያስተካክላሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ነጋ ቡልቴ?» ይላሉ፤ ሰላም አደርክ ማለት ነው። ለአልጋው። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ይቆያሉ። ከዚያ ያለፈውን ሳምንት ባዶ ስልቻ ትከሻቸው ላይ ጥለው ይወጣሉ።

ሸዋርካብሽ ሰውዬው አእምሯቸው ተነክቷል ብላ ደመደመች። መጋዘን ውስጥ አጠገቧ ለምትቀመጠው ለዘውደነሽ ሹክ አለቻት። ዘውደነሽ በሳምንቱ ቡናዋን እያበጠረች «ከያዮ የሚመጡ ነጋዴዎችን ጠይቄልሻለሁ፤ ሰውዬው ንቡን በደንብ ይጠብቃል፣ ጫካውን ያጸዳል፣ ሸንጎ ላይ ቃሉ ይሰማል አሉ። ምንም አልሆነም» አለቻት። ይህን ስትሰማ የባሰ ፈራች። እብድ ቢሆኑ ይሻላት ነበር።

ሐምሌ ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። በክረምት ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ስንቅ የሚባል ነገር የለም፤ ይህን ማንኛውም ወላጅ ያውቃል። ደርበው መሄጃ ስለሌለው ከሸዋርካብሽ ጋር ቀረ። ሰማዩ ተቀዶ መንገዱ ወንዝ በሆነበት የመጀመሪያው የሐምሌ ቅዳሜ፣ በሩ ተንኳኳ። ባጫ ናቸው። በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ስልቻ ይዘዋል፤ ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግራቸው ውኃ ያንጠባጥባሉ።

«ጋሼ ባጫ፣ ትምህርት እኮ ተዘግቷል» አለቻቸው።

«መብላት ይዘጋል?» አሉ፤ ስልቻውን አቀበሏት።

ክረምቱን ሙሉ አንድ ቅዳሜ አላቋረጡም።

መስከረም ላይ ተማሪዎቹ ተመለሱ፤ ደርበው አሥራ ሁለተኛ ገባ። በጥቅምት ስልቻው ውስጥ ከዱቄቱ በላይ ተጣጥፎ አንድ አዲስ ሸሚዝ መጣ፤ የያዮ ልብስ ሰፊ የሰፋው ካኪ። ሸዋርካብሽ ዘርግታ አየችው። ነገራ ረጅም ነው፣ እጁ ረጅም ነው። ይህ ሸሚዝ ለሱ ክርኑ ላይ ነበር የሚቀርለት። ደርበውን ጠርታ «ልበሰው» አለችው። ትከሻው ላይ ቁጭ አለ፤ እጅጌው አንጓው ላይ ደረሰ፤ ተለክቶ የተሰፋ ያህል ልክክ አለበት። ባጫ ደርበውን አንድም ቀን አግኝተውት አያውቁም፤ ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁ ስልቻውን ሊያመጣ ሁሩሙ ይሄድ ነበር፤ አሁን በጓሮ ሲወጣ ጀርባውን አይተውት ከሆነ እንጂ። ደርበው ሸሚዙን አወለቀና አልጋው ላይ አስቀመጠው። ሳምንት ሙሉ አልነካውም። ከዚያ የራሱ ተቀደደበትና ለበሰው፤ ምን ያድርግ።

እሷን ከሁሉ ያስፈራት ግን ልጁ ራሱ ነው። ደርበው ማር አይወድም ነበር፤ አሁን ቅሉን በጣቱ ጠርጎ ይልሳል። ዝምተኛ የነበረው ልጅ ሲያጠና ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሂሳብ እንደ ነገራ ሆነለት፤ መምህሩ «ይህ ልጅ ምን በላ?» ብሎ ጠየቀ አሉ። ሸዋርካብሽ ምን እንደበላ ታውቃለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ከመጋዘን ስትመለስ ደርበው በሩ ላይ ብርሃን ፍለጋ ተቀምጦ ይጽፋል። በግራ እጁ ነው የሚጽፈው። ፊደሉ አልተንጋደደም፣ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ፍስስ ይላል።

«አንተ፣ በግራ መጻፍ ከመቼ ወዲህ ነው?»

ደርበው ቀና አለ። እጁን አየ። እስኪርብቶው እጁ ውስጥ መኖሩን አሁን ገና ያወቀ ይመስል ደነገጠ፤ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረው። ከዚያ በኋላ የጻፈው መስመር ግን ጠማማ ሆነ። ሸዋርካብሽ ገብታ አማተበች። ነፍስ ይማር እንዳትል ልጁ ሞተ ያላት የለም፤ ይመለሳል እንዳትል የሚመለስ አልመሰላትም። ይህ ዓይነቱ ነገር ጸሎት እንኳ የለውም።

አንድ ቅዳሜ፣ የካቲት ነው፣ ልጁ ከሄደ ልክ ዓመቱ። ባጫ እንደ ልማዳቸው ገብተው ተቀመጡ። ደርበው ትኩሳት ይዞት በጓሮ መውጣት አቅቶት ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቷል። ባጫ አልጋውን አዩና «ነጋ ቡልቴ?» አሉ።

«ነጋ፣ አባ» አለ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ድምፅ።

የደርበው ድምፅ አልነበረም። ወይም ነበረ፣ ትኩሳት ያጎረነነው የደርበው ድምፅ ነበረ፤ እንጃ። ሸዋርካብሽ የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወድቆ ዱቄቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ባጫ አልደነገጡም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ከዚያ ተነሡና ዱቄቱን በመዳፋቸው ከመሬት እየሰበሰቡ ወደ ጣሳው መለሱላት። ሲወጡ ፊታቸው እርጥብ ነበር። በኋላ ደርበውን ስትጠይቀው «ምን ብዬ?» አላት። አላስታወሰውም።

ያን ለታ ልትነግራቸው እስከ አጥሩ ድረስ ተከተለቻቸው። ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል። አጥሩ ጋ ቆመችና ጀርባቸውን ስታይ ቆይታ ተመለሰች። ለራሷ «ፈተናው ይለፍ» አለች። ፈተናው አለፈ፤ «ውጤቱ ይምጣ» አለች።

ውጤቱ መጣ። ከዚያ ዓመት የመቱ ተፈታኝ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ በር የተከፈተላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱ ደርበው ነው። ዘውደነሽ መጋዘን ውስጥ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሸዋርካብሽ አፏን በእጇ ከደነችባት። ደስታው እንደ ሰረቀችው ዕቃ ሆነባት፤ የት ታስቀምጠው? ከእንግዲህ ለመዋሸት ሰበብ የላትም። ደርበው ማክሰኞ ይሄዳል፤ ባጫ ቅዳሜ ይመጣሉ።

ቅዳሜ መጡ። ዛሬ ግን ብቻቸውን አይደሉም። አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ የሳበች ልጅ አብራቸው አለች። ስልቻውን የተሸከመችው እሷ ነች። ሸዋርካብሽ ልጅቷን ስታይ ነገራ ቀሚስ ለብሶ የመጣ መሰላት።

«ልጄ ነች። ዲንቂቱ» አሉ ባጫ። ልጅቷን ግቢው ውስጥ ተዋትና እሳቸው ገቡ።

ሸዋርካብሽ ከዚያ በላይ መቻል አልቻለችም። መሬት ላይ ወርዳ እግራቸውን ያዘች። «ጋሼ ባጫ፣ አታለልኩዎት። ነገራ ለሥልጠና አልሄደም። አንድ ሰው ለአንድ ሰው ነው የሚፈርመው ሲሉኝ ለሌላው ፈረምኩ። ቅዳሜ እርስዎ ይመጣሉ ብዬ ነው። ከዚያ ስንቅዎን ለዚያ ለሌላው አበላሁት። ይርገሙኝ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ፣ አፌን ግን ከእንግዲህ ልዘጋው አልችልም።»

ባጫ እጇን ይዘው አስነሷት። ዱካው ላይ አስቀመጧትና እሳቸው ከነገራ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሐሙስ ዕለት» አሉ፣ «መኪናው ያዮ ላይ ጭቃ ያዘው። ግፉ ብለው ጠሩን። ስገፋ ልጄ ከላይ አየኝ። ታጣቂው ዞር ሲል ጎንበስ ብሎ አናገረኝ። ለምን ዘመድ አልፈረመልህም አልኩት። ‘አባት ስላለኝ ነው፣ እሷ ቅዳሜን አስባ ነው፣ አትቆጣት’ አለኝ። መኪናው ከጭቃው ወጣ። የገፋሁት እኔ ነኝ።»

ሸዋርካብሽ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «ከመጀመሪያዋ ቅዳሜ ጀምሮ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ስንቁን ለምን ያመጡ ነበር? ዓመት ተመንፈቅ ሙሉ?»

ባጫ የአልጋውን ቆዳ በእጃቸው አስተካከሉ። «የመጀመሪያውን ቅዳሜ ልረግምሽ ነበር የመጣሁት። ስልቻውን ይዤው የመጣሁት በልማድ ነው፣ እግሬ ለምዶት። ደህና ነው ስትይኝ ፊትሽን አየሁት። ከዚያ መንገድ ላይ ስሄድ አሰብኩ። ይህ ትምህርት ልጄን አስከፍሎኛል። ያንን ያህል ተከፍሎበት መሐል ላይ ይቋረጥ? ማንም ይማረው፣ ብቻ አንድ ሰው ይጨርሰው አልኩ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ብለዋታል። ንቀት ይሁን ዝምድና ከፊታቸው ማንበብ አልቻለችም።

«ደርበው» ብለው ተጣሩ ወደ ጓሮው። ስሙን አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም። ደርበው ካኪ ሸሚዙን ለብሶ በጓሮ በር ገባና አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ባጫ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ኮሌታውን አቃኑለት።

«ክረምት ክረምት ትመጣለህ። ዲንቂቱን ሂሳብ ታስጠናለህ፤ እስክትጨርስ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።»

«እሺ፣ አባ» አለ ደርበው። እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው።

ሸዋርካብሽ ገና አሁን ገባት። ግቢው ውስጥ ስልቻ ይዛ የቆመችው ልጅ ለጉብኝት አልመጣችም። «ጋሼ ባጫ፣ እዚህ? እኔ ቤት? መቱ ሙሉ ቤት ሞልቶ?»

«እዚህ።»

«እኔን እንዴት ያምኑኛል? እኔኮ ነገራን…»

«ለዚህ ነው» አሉ ባጫ። «ሌላ ቤት ባስቀምጣት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የቤቱ ሰው ለኔ ምን አለበት? ምንም። ለራሱ ልጅ ይፈርማል። አንቺ ግን አለብሽ። በዚህች ከተማ ውስጥ ለልጄ ልትፈርም የምትገደድ ሴት አንቺ ብቻ ነሽ።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ተነሡ፣ ዲንቂቱን ግንባሯን ሳሟት፣ ባዶ ትከሻቸውን ይዘው ወደ ያዮ መንገድ ወጡ። ልጅቷ ገባች። ስልቻውን አስቀመጠች፤ ማንም ሳያሳያት በቀጥታ ወደ ነገራ አልጋ ሄዳ ቁጭ አለች። ያን ሌሊት ሸዋርካብሽ ልጅቷ ስትገላበጥ እየሰማች ዓይኗን ሳትከድን አነጋች።

ሰኞ ቀበሌው ገና ሲከፈት ልጅቷን ይዛ ደረሰች። ሸዋንግዛው መዝገቡን ሲያወጣ ያ የድሮው ሳቁ ተመልሶለት ነበር።

«እህትዎ ደግሞ ወለዱ፣ እትዬ?»

«እህት የለኝም» አለች ሸዋርካብሽ። «ኖራኝም አታውቅም። ይህች ልጄ ነች።»

ሳቁ ቀረ። መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ሲጨርስ ሊዘጋው ሲል እጇን ገጹ ላይ አደረገች።

«ዋስ የሚፈረመው የት ላይ ነው?»

«ማንም ዋስ የጠየቀዎት የለም እኮ። ልጅቷ ምን አደረገችና?»

«ምንም አላደረገችም» አለች ሸዋርካብሽ። «እኔ አሁን ነው የምፈርመው። ብዕሩን አምጣ።»